ባሌ እዚያው ነበር

በደሉ ይህ ነው። የልጆቼ አባት በቀጠሮው ቀን፣ በቀጠሮው ሰዓት፣ ጅማ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» ብለው ጻፉበት። ስሙ ሲጠራ መልሷል። ለመነሣትም ጀምሯል። እስኪነሣ ድረስ ግን የጠበቀው የለም። ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት ይህ በግልጽ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው «ምን ያንገበግብሻል? በመጨረሻ ታይቶ የለም ወይ?» ብሎኛል። አዎ ታይቷል። ቢሆንም ያን ቀን እዚያ ነበር።

የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። ዛሬም እዚያው ነው የሚታከመው፤ ከግድግዳው ጋር ጠብ የለኝም።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ የተለጠፈና የታተመ ነገር ነው፦ የቀበሌ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የልጆቼ ደብተር። ግድግዳ ላይ ወረቀት ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። ይህ ልማዴ ግን ኋላ ላይ ጠቅሞኛል።

ቤታችን እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ነው። የልጆቼ አባት እንጨት ጠራቢ ነው። በርጩማ ይሠራል፤ ያውም ሦስት እግር ያለውን፣ ከአንድ ግንድ ወጥ ሆኖ የሚወጣውን፣ ምስማርም ሙጫም የሌለውን። ከአባቱ ነው የተማረው። አንድ በርጩማ ሲጨርስ ራሱ ይቀመጥበትና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይወዘወዛል። ከተንቀሳቀሰ አይሸጠውም። እንጨቱ እንዳይንቀሳቀስ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠበብ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ የገዛ እጁ አልቆም አለው።

በመጀመሪያ ቀኝ እጁ ነበር። ሥራ ሲፈታ፣ ጭኑ ላይ ሲያሳርፈው፣ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይነካካሉ። መሮውን ሲጨብጥ ይተወዋል። ስለዚህ ሥራ ሳይፈታ መዋል ጀመረ። ከዚያ እርምጃው አጠረ። ከዚያ ድምፁ ሟሸሸ። ከጓሮ ሲጠራኝ ሰምቼ የምመልስ ሴት «አቤት? ምን አልክ?» ማለት አበዛሁ። እሱም ይቆጣል፤ ቁጣውም አይሰማም።

መጀመሪያ ያየው ሐኪም ወጣት ነበር። ቀና ብሎም በደንብ አላየንም።

«አባባ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ አንድ» አልኩ።

«እንግዲህ እርጅና ነው እማማ።»

«ሁለቱ እጆቹ በአንድ ቀን ነው የተወለዱት» አልኩት። «ታዲያ እርጅናው ቀኙን ብቻ መርጦ ያዘው?»

ሳቀ። እኔ ግን ለማሳቅ አልተናገርኩም። ቫይታሚን አዘዘልን፤ ሄድን። እኔ ከባሌ በአራት ዓመት ነው የማንሰው። እርጅና ከሆነ እኔን በየት በኩል አልፎኝ ሄደ?

ሁለተኛው ሐኪም ጤና ጣቢያ ያገኘነው ጎልማሳ ነው፤ እሱን አመሰግነዋለሁ። ባሌን አስነሥቶ አስኬደው፤ ጣቶቹን አስከፈተው፤ አስዘጋው። «ይህ ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው የሚመስለኝ። ኪኒን አስጀምራቸዋለሁ፤ ግን በትክክል የሚያውቀው የነርቭ ስፔሻሊስት ነው» አለን። በየሁለት ወሩ ከአዲስ አበባ እየመጣች አንድ ቀን ብቻ የምታይ ሐኪም መኖሯንም ነገረን። ሪፈር ጻፈልን። በሩ ላይ ሠላሳ ሰው ይጠብቀው ነበርና ከዚህ በላይ አላወራንም።

ኪኒኑን የሸጠችልን ልጅ ፖስታው ላይ ሦስት ጭረት አደረገች። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ማለት ነው። ሌላ ያለችው ነገር የለም።

እኛ አገር ጠንካራ መድኃኒት በባዶ ሆድ አይዋጥም። አንጀት ይልጣል ይባላል። እናቴም እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችን፤ እኔም ልጆቼን። ስለዚህ ሰቃ ያለችው ልጄ ከላሟ ወተት በሚኒባስ ትልክልኝ ጀመር። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ቀትር አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ፤ በእያንዳንዱ ላይ ኪኒኑ። ባሌ ወተት አይወድም። «ማሎ፣ ዛሬ እንኳ በውሃ ልዋጠው» ብሎ ይለምነኛል። «አንጀትህ ይቃጠልና እኔን ልትወቅስ?» እያልኩ ቆሜ አስጠጣዋለሁ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ነጭ ኮፊያውን አደረገ፤ ጺሙን አበጠረ። በባጃጅ ደረስን። በሩ ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ።

«ታካሚ ብቻ። አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ።»

«ብቻውን መሄድ ያቅተዋል» አልኩ።

«ማዘር፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ውስጥ ቦታ የለም። ሲጨርሱ እጠራዎታለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ቦታ አልነበረም። ሰው በሰው ላይ ነው። ጥበቃው ራሱ ባሌን በክንዱ ይዞ አስገባና አስቀመጠው። እኔ አጥሩ ሥር ቆምኩ። በመስኮት የኮፊያው ጫፍ ይታየኝ ነበር። ረፋድ ሆነ፤ ኮፊያው አለ። ሰው እየወጣ ሄደ፤ ኮፊያው አለ። አንድ ጊዜ ትንሽ ከፍ ሲል አየሁና «ተራው ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ። መልሶ ዝቅ አለ። ቀትር ላይ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ኮፊያው አሁንም እዚያው ነው።

ጥበቃውን ገፍቼ ገባሁ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ወረቀት እየሰበሰበች ነበር።

«የእሱ ተራ መቼ ነው?»

ስሙን ፈልጋ አገኘች። «አልተገኙም።»

«ማን ነው ያልተገኘው?»

«እሳቸው። ሦስት ጊዜ ተጠሩ፤ አልነበሩም።»

«ይኸው ተቀምጦ! ካንቺ አሥር እርምጃ አይርቅም!»

አንገቷን አስግጋ አየችው። ወረቀቱን ደግሞ አየችው። ያመነችው ወረቀቱን ነው። «እንግዲህ አልተገኙም ይላል። ዶክተሯ ወጥታለች፤ መኪናዋ ሄዷል። ለሁለት ወር ልስጥዎት?»

ከባሌ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። «ስምህን ሲጠሩ አልሰማህም?» አልኩት።

«ሰማሁ» አለ፤ ጆሮዬን አፉ ላይ አስጠግቼ ነው የሰማሁት። «ነን ጂራ፣ አለሁ አልኩ። ልነሣ ስል እግሬ ወለሉን አልለቅ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በሦስተኛው ሌላ ሰው ገባ።»

ከራሱ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አነበብኩት። «ለስፔሻሊስት ቀጠሮ ተይዞለት ሁለት ጊዜ ያልተገኘ ታካሚ ከዝርዝር ይሰረዛል» ይላል። ሁለት ጊዜ። አንዱ ዛሬ ተበላ። በሽታው ቶሎ አለመነሣትና ቶሎ አለመመለስ የሆነን ሰው፣ ቶሎ አልተነሣህም፣ ጮኸህ አልመለስክም ብለው ይሰርዙታል ማለት ነው። የደነቆረን ሰው ስላልሰማ፣ የታወረን ሰው ስላላየ እንደሚቀጣ ሕግ ነው። እንደገና አንድ ጊዜ ከተደገመ ስፔሻሊስቷን ዳግም አያያትም።

ሁለት ወር ጠበቅን። ሁለቱም ወር መጥፎ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሰውነቱ እንደ ሳንቃ ይደርቃል፤ ልብስ ማልበስ የአንድ ሰዓት ሥራ ሆነ። ጠረባውን ጨርሶ ተወ። የጀመረው በርጩማ ሁለት እግሩ ወጥቶ ሦስተኛው ግንዱ ውስጥ ቀረ። እኔ ወተቱን ጨመርኩ። ምግብ አነሰው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ወራት ተማርኩ። ወደ ሥራ ቤቱ ሲሄድ ደጃፉ ላይ እግሩ ይቆለፋል፤ ጫማው ከመሬት የተጣበቀ ያህል ይቆማል። አንድ ጠዋት ቆሜ እያየሁት ደጃፉ ላይ ቀጭን የርብራብ እንጨት ወድቆ ነበር። ልጎትተው ስጎነበስ እንደ ወጣት እግሩን አንሥቶ ተሻገረው። እንጨቱን መልሼ ፊቱ አኖርኩት። ተሻገረ። እንደገና አኖርኩ። ተሻገረ። ባዶ መሬት የማይራመድ ሰው፣ የሚሻገረው ነገር ሲያገኝ ይሄዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ርብራቧን ይዤ ከፊቱ ከፊቱ መሄድ ጀመርኩ።

«እንደ በግ ልትነጂኝ ነው?» አለኝ።

«በግ ብትሆንማ ቀድመኸኝ ትደርስ ነበር» አልኩት። ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፊቱ እንደ ድሮው አልሰፋም፣ ትከሻው ግን ተንቀጠቀጠ።

የሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ ልጄ ከሰቃ መጣች። ዓይኔን አይታ ያሰብኩትን አወቀች።

«እማ፣ ነገ ጠብ የለም። እሺ?»

«ማን ጠብ አለ?»

«አውቅሻለሁ። ብትጣዪያቸው የሚጎዱት አንቺን አይደለም፤ አባቴን ነው። ዝም በይ፤ ይታይና እንውጣ።»

ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት አላት። እኛ ሁላችን ዝም የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መርፌውን የያዘውን ሰው ማን ያስቆጣል? ግን ዝም ብዬ አንዴ አይቼዋለሁ። ዝም ያልኩ ዕለት ነው አልተገኘም የተባለው።

በማግሥቱ ሁለት ነገር ይዤ ሄድኩ፤ ርብራቧንና ባሌ የሠራውን አንድ በርጩማ። ጥበቃው ያው ነው።

«ማዘር፣ አስታማሚ ውጭ።»

«እኔ አስታማሚ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«ድምፁ ነኝ። እሱ ያስባል፣ እኔ እናገራለሁ። አንተ ሰውን አስገብተህ ድምፁን አጥር ሥር ታስቀምጣለህ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። አንዲት ሴት «ድምፁን አስገባው እንጂ!» አለች። ጥበቃው ግራ ቀኝ አየና «ቦታ የለም እኮ ነው የምለው» አለ።

«ቦታዬን ይዤ መጥቻለሁ» አልኩና በርጩማዬን የአዳራሹ በር መካከል አኑሬ ተቀመጥኩበት። «በጎኔ ሰው ያልፋል። በሩ ግን አይዘጋም።»

ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ባሌ ጥበቃው አስገብቶ ካስቀመጠው አግዳሚ ላይ ያየኛል። ፊቱ አይናገርም፤ በሽታው ፊቱን አስሮታል። ዓይኑን ግን አርባ ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አውቀዋለሁ። እየሳቀ ነበር።

ጠሪዋ ነርስ ወጥታ ስሙን አነበበች።

«አለ!» አልኩ። «አለ! እየተነሣ ነው!»

ሁሉም ዞረ። ነርሷ ደግማ ጠራች። «አለ ብያለሁ! ተነሥቷል! መንገድ ጀምሯል!» ብድግ ብዬ ርብራቧን እግሩ ፊት አኖርኩ። ተንጠራርቶ ቆመ። ቀኝ እግሩ ተሻገረ። አንሥቼ እንደገና አኖርኩ። ግራው ተሻገረ።

ነርሷ ወረቀቷን አየች። «እማማ፣ ብዙ ሰው አለ፣ ቀጣዩን ላስገባና...»

«ቀጣዩ ይጠብቃል። ቀጣዩ አንተ ነህ?» አልኩት ከአግዳሚው ጫፍ የተቀመጠውን ጎልማሳ።

«እኔ ነኝ እናቴ። ይሂዱ፤ እጠብቃለሁ» አለ።

«ሰማሽ? እሱ ይጠብቃል። አንቺም ጠብቂ።»

 አዳራሹ ሙሉ ሰው እንጨት ሳኖርና ሳነሣ፣ አንድ ሽማግሌ አንድ በአንድ ሲሻገር ያያል። አሥራ አንድ ጊዜ አኖርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀና ስል የምርመራ ክፍሉ በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ነጭ ጋዋን ለብሳ ቆማለች፤ ልጄን የምታክል። ስፔሻሊስቷ እሷ ነበረች። ባሌን አይደለም የምታየው፤ እግሩንና ርብራቧን ነው።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አለችኝ።

«የሥራ ቤቱ ደጃፍ» አልኩ።

«እኛ ትምህርት ቤት ነው የተማርነው» አለችና በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችልን።

ያን ያህል የሚጠይቅ ሐኪም አይቼ አላውቅም። ባሌ ራሱ እንዲመልስ ትጠይቀዋለች፤ ትጠብቀዋለች፤ ሌላ ነገር ሳትነካ፣ ስልኳን ሳታይ ትጠብቀዋለች። እኔ ልመልስለት ስል እጇን ታነሣለች። «ድምፁ እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ። አሁን ግን እሳቸውን ልስማ» አለችኝ። አፈርኩ። ግን ደስ አለኝ።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀች። «ሽታ ይሸትዎታል?»

 እኔ ወደ ኋላ አስታወስኩ። የእጁ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር፣ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ባሌ ዋንዛ ሲገዛ ግንዱን በመጥረቢያ ጫር ያደርግና አፍንጫውን ያስጠጋል። «እኔ በዓይኔ አልገዛም» ይላል። አንድ ቀን አወቱ መንደራ ያለው የዘወትር እንጨት ሻጩ ዘንድ ሄዶ አሸተተና «ይህ ጠረን የለውም፤ የቆየ ግንድ ነው የምትሸጥልኝ» አለው። ሰውየው «ወላሂ ትናንት የገባ ነው» ቢል ማን ሰምቶት። በገበያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አጭበርባሪ» ብሎ ሰደበው። እኔም ባሌን አምኜ በየሄድኩበት ለቅሶ ቤት፣ በየሰርጉ «ከዚያ ሰውዬ እንጨት እንዳትገዙ» እያልኩ ከረምኩ። በዚያው ዘመን በቡና ወቅት ወደ ሰቃ ስንሄድ፣ የቡና ማጠቢያው ፍሳሽ የሚኒባሱን ሰው ሁሉ አፍንጫ ሲያሲዝ እሱ መስኮቱን ከፍቶ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር። «ምን ዓይነት አፍንጫ ነው?» ብዬ ሳቅኩበት።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ በሽታ ማሽተት ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል። ማንም ጠይቋችሁ አያውቅም?»

«ማንም።»

«ኪኒኑንስ እንዴት ነው የሚወስዱት?»

በኩራት መለስኩ። «በወተት። ልጃችን ከሰቃ ትልካለች። በቀን ሦስት ኩባያ፤ አንድም ቀን በባዶ ሆዱ አልሰጠሁትም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ይህ ኪኒን ከወተት ጋር አይስማማም። ወተቱ መንገዱን ይዘጋበታል፤ ኪኒኑ ወደ ጭንቅላት መድረስ ያለበትን ያህል አይደርስም። በውሃ፣ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ በሰዓቱ መዋጥ አለበት። ወተቱንና ሥጋውን ሌላ ሰዓት ላይ ይውሰድ አለች። መጠኑንም አስተካከለች።

ባሌ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «በውሃ... አላልኩም?» አለ።

አልቅሼ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። ተናደድኩ። በራሴ እጅ ነው ያጠጣሁት፤ ቆሜ፣ እየተቆጣሁ። ይህን አልክድም፤ ድርሻዬን ወስጃለሁ። ግን ሦስት ጭረት ሰጥተውኝ ሌላ ቃል ያልነገሩኝን ሰዎች ድርሻ አልሸከምም።

«ሁለት ወር ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ...» ብላ ጀመረች ሐኪሟ፤ ካርዱን ገለጠች። «አልተገኘም» የሚለውን አየችው።

«መጥቶ ነበር» አልኩ። «አንቺ እዚህ ክፍል ውስጥ ሳለሽ እሱ ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነበር።»

«እኔን ቀርተዋል ነው ያሉኝ» አለች። ጥፋቷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፊቷ ግን ቀላ።

በሽታው የሚድን አይደለም፤ እሷም አልዋሸችንም። ሆኖም በውሃ መዋጥ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ቁልፉን ራሱ ቆለፈ፤ የሸሚዙን ማለቴ ነው። መሮ አይጨብጥም፤ ያለቀ በርጩማ ግን ተቀምጦ ያለሰልሳል። መስጊድ ሲሄድ ርብራቧን በር ድረስ እወስድለታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወንዶቹ በክንዱ ይዘው ያስገቡታል። አንድም ቀን እሱን ጥለው ወደ ውስጥ አልገቡም።

ቤት ውስጥ ሰላም ሲሆን ያ እንጨት ሻጭ ትዝ አለኝ። ፍትሕ ፍትሕ እያልኩ የምጮህ ሴት እሱን እንዴት ልርሳው? አንድ ማክሰኞ አወቱ መንደራ ሄድኩ። ግንድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በሽታውን ነገርኩት፤ የአፍንጫውን ነገር ነገርኩት። «በድለንሃል፤ አውፍ በለን» አልኩ።

 «አላህ ያሽረው» አለ። «እኔ ግን ይህን በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ያደርግልኛል? ስሜን ያጠፋችሁት እዚህ፣ በሰው ፊት ነው። እዚሁ፣ በሰው ፊት መልሱልኝ።»

ልክ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ ቀን የልጆቼን አባት ርብራብ እያኖርኩ ይዤው መጣሁ። ድምፁ ስለማይሰማ እኔ ጮኼ ተናገርኩ፦ «ይህ ሰው አጭበርባሪ አይደለም! የባሌ አፍንጫ ነበር የታመመው!» ገበያው ሳቀ። እንጨት ሻጩም ሳቀ፤ ባሌን አቅፎ አንድ የዋንዛ ቁራጭ አፍንጫው ሥር አስጠጋለትና «አሁንስ?» አለው። ባሌ ራሱን ነቀነቀ። «ምንም» አለ። «ግን አምንሃለሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ የሰውየው ቃል አብሮኝ መጣ። የጠፋ ስም በጠፋበት ቦታ ይመለስ። ካርዱ ላይ ያለው «አልተገኘም» አሁንም እዚያው ነው። ያ ማስታወቂያም እዚያው ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ባጃጅ ቢያሳጣን፣ አንድ ቀን እኔ ታምሜ ድምፁ ባልሆንለት፣ ሁለተኛው ይጻፍና ይሰረዛል። ሐኪሟን ዳግም አያገኛትም።

ማመልከቻ ጻፍኩ። በር ላይ በገንዘብ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አልፈለግኩም። በገዛ እጄ፣ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ፣ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ አነበበችና «እማማ፣ ኮምፒውተሩ አንዴ የገባውን አይሰርዝም» አለች። ኮምፒውተሩን ያናገረው ሰው እንዳለ፣ ያንን ሰው እንደምፈልግ ነገርኳት። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተባልኩ። በማግሥቱም ስብሰባ ነው። በሦስተኛው ቀን በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ። ጥበቃው ገና ከሩቅ ሲያየኝ በሩን ከፈተ። «ይግቡ ማዘር፣ ይግቡ። በርጩማውን ግን በር ላይ አያድርጉት፣ ማሎ» አለኝ። የኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን አስገባኝ።

ኃላፊው የልጄ እኩያ ነው። ማመልከቻዬን አንብቦ ነበር። «እናቴ፣ አባታችን ታይተዋል፣ መድኃኒታቸውም ተስተካክሏል። ይህ ቢሰረዝ ምን ይጨምርልዎታል?»

«ሕጋችሁ ሁለት ጊዜ ይላል። መጥቶ ሳለ አንዱን በልታችሁበታል። እና ደግሞ ልጄ፣» አልኩት፣ «ሰውዬው ነበር። ያልነበረ ከሆነ እኔ ውሸታም ነኝ። የነበረ ከሆነ የእናንተ ወረቀት ውሸታም ነው። ከሁለታችን አንዳችን እንታረም።»

ጠሪዋን ነርስ አስጠራት። ብትክድ አይገርመኝም ነበር፤ አልካደችም። መሬት መሬት እያየች «አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚው ከፍ ዝቅ ሲሉ አይቻለሁ» አለች። «የሚመቻቹ ነው የመሰለኝ። ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ።»

እሷን በዚያ ቀን ወደድኳት። እውነት መናገር ብዙ ጠይቋታል።

ኃላፊው ግንባሩን አሻሸ። የተጻፈ ካርድ ላይ ማጥፋት እንደማይፈቀድለት፣ ከሥሩ መጻፍ ግን እንደሚችል ነገረኝ። «ከሥሩ ጻፍ፤ እኔ ማጥፋትህን አልፈልግም፤ ሁለቱም ይታይ» አልኩት። እስክሪብቶ አወጣ። ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተም አሳረፈበት፤ ካርዱን ወደ እኔ አዞረው። መነጽሬን አድርጌ ጣቴን ከሥር ከሥሩ እያስኬድኩ አነበብኩት።

«በተጠቀሰው ቀን ታካሚው በሰዓታቸው ተገኝተው ነበር። ሳይታዩ የቀሩት እኛ ስላልጠበቅናቸው ነው።»